የተቃጠለውን ቦርድ አትጣሉት

መገናኛ አካባቢ፣ የሞባይልና የኮምፒውተር ሱቆች ከሞሉባቸው ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ወደ አንድ ጠጋኝ ሱቅ ገባ። ከፌስታሉ ያወጣው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «ወንድሜ፣ ገና ያላስረከብኳቸው ሰርጎች እዚህ ውስጥ ናቸው» አለ። ጠጋኙ እጁን አልዘረጋም። አስቀድሞ የጠየቀው «በምን ነበር የሰካኸው?» ብሎ ነው።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። የሃርድ ዲስኩ አዳፕተር ሌላ ቦታ ቀርቶበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከተጠላለፉት ገመዶች አንዱን ሲሞክር ልክ ገባለት። ወዲያው የመቃጠል ሽታ ሸተተው፤ ከዚያ በኋላ ሃርድ ዲስኩ ድምፅም የለው፣ መብራትም የለው።

«የላፕቶፕ ቻርጀር ነበር?»

«አዎ፣ የጓደኛዬ ነው።»

«አይዞህ» አለ ጠጋኙ፣ አሁን እጁን እየዘረጋ። «በዚህ ዓይነት የሚመጡት ብዙ ጊዜ ይድናሉ።»

ይህ መልስ ሰውየውን ለማጽናናት ብቻ የተባለ አልነበረም። ባለ 3.5 ኢንቹ ትልቁ ኤክስተርናል የሚፈልገው 12 ቮልት ነው። አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ወደ 19 ቮልት ይሰጣል። የብዙዎቹ መሰኪያ ውጫዊ ስፋት አንድ ዓይነት፣ 5.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ የሌላው ቀዳዳ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ጠጋኙ በጥያቄው ያገኘው ትልቅ ፍንጭ ነው፦ ጉዳቱ የመጣው በኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ሃርድ ዲስኩ አልወደቀም፣ ውኃ አልነካውም፣ ሲንቋቋም አልሰነበተም። እንዲህ ያለ ጉዳት መጀመሪያ የሚያርፈው ቦርዱ ላይ ነው። ሰርጎቹ ደግሞ ያሉት ቦርዱ ላይ አይደለም።

ሃርድ ዲስክን ገልብጦ ያየ ሰው ከሥሩ በትናንሽ ብሎኖች የታሰረውን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቦርድ ያውቀዋል። ከላይ ያለው የተዘጋ የብረት ቤት ነው። በውስጡ በማግኔት ንጣፍ የተሸፈኑ የአሉሚኒየም ወይም የመስታወት ዲስኮች በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። የማንበቢያ ራሶቹ ከዲስኩ ገጽ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ላይ ሳይነኩት ይንሳፈፋሉ። የተቀዳው ሁሉ ያለው እዚያ፣ በዲስኮቹ ገጽ ላይ ነው። የቦርዱ ሥራ ሞተሩን ማዞር፣ ራሶቹን መምራት፣ ያነበቡትን ደካማ ምልክት ወደ ፋይልነት መልሶ ለኮምፒውተሩ ማቀበል ነው። ለዚህም አንድ ዋና ቺፕ፣ አንድ የሞተር ቺፕ፣ አንድ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ፣ እንዲሁም ብዙ ጊዜ ስምንት እግር ያላት አንዲት ትንሽ ቺፕ አሉት። ስምንት እግሯን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የኋላው ታሪክ በእሷ ላይ ነው።

ቦርዱ ሁልጊዜ እንዲህ ከዲስኩ ጋር የተጣበቀ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች የሚሰፉ 50 ዲስኮች ነበሩት፤ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ኤሌክትሮኒክሱም ትልቅ ቁም ሣጥን ይሞላ ነበር። የግል ኮምፒውተሮች ከመጡም በኋላ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ ዋናው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ውስጥ በተሰካ ሌላ ካርድ ላይ ነበር። በኋላ መቆጣጠሪያው ከዲስኩ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ሃርድ ዲስክ የራሱን አእምሮ ይዞ ይዞራል። ጥገናውን ቀላልም ከባድም ያደረገው ይኸው ነው።

ጠጋኙ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የሚሠራው ትልቁ ሥራ መጠየቅና ማዳመጥ ነው። ፈጽሞ ዝም ያለ፣ ሲነኩት ንዝረት የሌለው ሃርድ ዲስክ ወደ ቦርዱ ይጠቁማል። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚመታ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ማንበቢያ ራሶቹ ይሄዳል። ቀጭን ጥዝታ አሰምቶ ዝም የሚል ደግሞ ሞተሩ ለመነሳት እየታገለ ራሶቹ ዲስኩ ላይ ተጣብቀው ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል። በደንብ ተሽከርክሮ ኮምፒውተሩ ግን የማያውቀው ሃርድ ዲስክ ከሁሉም የሚያስቸግረው ነው፤ የቦርዱ መገናኛ ዝጎ ሊሆን ይችላል፣ ራሶቹ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሃርድ ዲስኩ ለራሱ የሚያነበው ውስጣዊ ፕሮግራም ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል።

በዚያው ቀን አንዲት ሴት ቀጭ ቀጭ የሚል ሃርድ ዲስክ ይዛ መጣች። «ነቅለሽ እየሰካሽ ሞክሪው» ተብላ ሳምንቱን ሙሉ ስትሞክረው ሰንብታለች። ጠጋኙ አንድ ጊዜ አስነስቶ ሰማውና ወዲያው ነቀለው። «እህቴ፣ ይህን ከእንግዲህ ኤሌክትሪክ አታሳዪው» አላት። የተጎዳ ራስ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ በተነሳ ቁጥር ገጹን ሊፍቀው ይችላል፤ የተፋቀ ገጽ ላይ የነበረውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። እንዲህ ያለው ሥራ አቧራ በተጣራበት ክፍል፣ ከሌላ ተመሳሳይ ሃርድ ዲስክ ራስ ተወስዶ የሚሠራ ነው። ጠጋኙ ያ የእሱ ሥራ እንዳልሆነ ነግሯት ገንዘብ ሳይቀበል ሸኛት። ለእኔ የሙያው ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው። ክዳኑን ከፍቶ «እስቲ ልየው» የሚል ጠጋኝ ከተቃጠለ ቦርድ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ወደ ሰርጎቹ እንመለስ። ጠጋኙ ሃርድ ዲስኩን ከፕላስቲክ ቤቱ አወጣው፤ ቤቱ ውስጥ ያለችውን ዩኤስቢ የምታገናኝ ትንሽ ቦርድም ለብቻዋ አስቀመጣት። በኮከብ ራስ ካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈትቶ ትልቁን ቦርድ ገለበጠ። ከሥሩ ሁለት ዓይነት መገናኛዎች አሉ፦ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ጥቂት ነጥቦችና ወደ ማንበቢያ ራሶቹ የሚሄዱት በረድፍ የተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች። በአንዳንድ ሃርድ ዲስኮች እነዚህ ነጥቦች ከጊዜ ብዛት ይጠቁራሉ፤ ያኔ የጥገናው ጠቅላላ ሥራ ነጥቦቹን በንጹሕ ላጲስ ማሸት፣ በአልኮል መጥረግና መልሶ ማሰር ይሆናል። የዚህኛው ነጥቦች ግን ያብረቀርቃሉ።

መልቲሜትሩን ወደ ኦም አዙሮ ከኤሌክትሪክ መግቢያው አጠገብ ያሉትን ሁለት ጥቋቁር አራት ማዕዘን ዳዮዶች ፈለገ። አንዱ የ5 ቮልቱ፣ ሌላው የ12 ቮልቱ መስመር መከላከያ ነው። በ5 ቮልቱ ቺፖቹ ይሠራሉ፣ በ12 ቮልቱ ሞተሩ ይዞራል። በላፕቶፕ የሚገባው ባለ 2.5 ኢንቹ ትንሹ ሃርድ ዲስክ ሁሉንም በ5 ቮልት ስለሚሠራ 12 ቮልት አያስፈልገውም።

እነዚህ ዳዮዶች በደኅናው ቀን ምንም አይሠሩም፤ መስመሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ቮልቱ ከሚገባው ሲያልፍ ግን ትርፉን ወደ መሬት መስመር ይለቁታል። ለ12 ቮልት የሚሆነው ዳዮድ ከ13 ቮልት ትንሽ አለፍ ሲል መክፈት ይጀምራል። የተሠራው ለአፍታ ለሚመጣ ጭማሪ ነው፤ መብረቅ በሩቅ ሲመታ ወይም መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደሚደርሰው ያለውን ያስቀራል። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን 19 ቮልቱን ሳያቋርጥ ይገፋል። ዳዮዱ ይግላል፣ ውስጡ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ሾርት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ በእሱ በኩል ወደ መሬት ስለሚሄድ ሃርድ ዲስኩ አይነሳም፤ ከኋላው ያሉት ቺፖች ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። እንዲህ የሆነ ሃርድ ዲስክ ዴስክቶፕ ውስጥ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ አልነሳ ይላል፤ ፓወር ሰፕላዩ ሾርቱን ሲያይ ራሱን ያጠፋልና። ስንት ሰው በዚህ ምክንያት ማዘርቦርድ ቀይሯል!

የ5 ቮልቱ ዳዮድ ጤናማ ንባብ ሰጠ። የ12 ቮልቱ ላይ መልቲሜትሩ ከአንድ ኦም በታች አሳይቶ ጮኸ። ጠጋኙ ሰውየውን ጠራውና ቁጥሩን አሳየው። ሁለቱንም የዳዮዱን ጫፎች አሙቆ በወረንጦ አነሳው፤ መስመሩን እንደገና ለካ፤ ሾርቱ ጠፍቷል። በዚህ አልበቃውም። ፊውዙን፣ ቀጥሎም «0» ተብሎ የተጻፈበትን፣ እንደ ፊውዝ የሚያገለግለውን ሬዚስተር አየ። ሦስቱን የሞተር ጥቅሎች ለክቶ ንባባቸው እኩል መሆኑን አረጋገጠ። የሞተር ቺፑን በማጉያ መነጽር ተመለከተ፤ የተቃጠለ ቺፕ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ወይም እብጠት ይኖረዋል። እዚህ የለም።

ቦርዱን መልሶ አስሮ በደኅና ፓወር ሰፕላይ ሰካው። ሃርድ ዲስኩ ቀስ ብሎ መሽከርከር ጀመረ፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ ራሶቹ ሲነሱ ትንሽ ተሰማ፣ ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። ሰውየው «እስቲ የባለፈውን ቅዳሜ ክፈተው፣ ልየው» ብሎ ተንጠራራ። ጠጋኙ እምቢ አለ። «አንከፍትም። መጀመሪያ እንገለብጣለን።»

ልክ ነበር። ያ ዳዮድ ከወጣ በኋላ የ12 ቮልቱ መስመር መከላከያ የለውም፤ የሚቀጥለው ጭማሪ በቀጥታ የሞተር ቺፑ ላይ ያርፋል። ዳዮዱን አውጥቶ ሃርድ ዲስኩን ማስነሳት ዕቃ የማዳን ሥራ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ተጠገነ ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ተገልብጦ ሲያልቅ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል አዲስ ዳዮድ በቦታው ይገባል። ያኔም ቢሆን ያንን ሃርድ ዲስክ ብቸኛ ማስቀመጫ ማድረግ አይገባም።

እያንዳንዱ የቦርድ ሞት ግን በባለቤቱ ስሕተት የሚመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የፉጂትሱ ኤምፒጂ የተባሉት ሃርድ ዲስኮች ያለ አንዳች የሚታይ ምክንያት መበላሸት ጀመሩ። በትክክል የተሰኩ፣ ያልወደቁ፣ ለወራት በደኅና የሠሩ ነበሩ። ችግሩ ሰርየስ ሎጂክ በሠራው ዋና ቺፕ ላይ ተገኘ፤ ይበልጥ በትክክል፣ ቺፑ በተሸፈነበት ጥቁር ፕላስቲክ። ሱሚቶሞ ቤክላይት ያቀረበው ይህ ፕላስቲክ እሳት እንዳይዘው ቀይ ፎስፈረስ ተጨምሮበት ነበር። ፎስፈረሱ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ሙቀት ባለበት በቺፑ እግሮች መካከል ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ስውር መንገድ ይከፍታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ለእኔ ግን ከክሱ ይልቅ የሚያሳዝነው ሌላው ነው፦ በእነዚያ ሃርድ ዲስኮች ውስጥ ዲስኩና ራሶቹ ጤነኛ ነበሩ። ባለቤቶቻቸው ያን ሳያውቁ ስንቱን ፎቶና የሥራ ሰነድ ከነሕይወቱ ወደ ቆሻሻ እንደጣሉ ሳስበው ይቆጨኛል።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ መልክ ያለው ሞት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ የሲጌት ባራኩዳ 7200.11 ሃርድ ዲስኮች ማታ በደኅና ጠፍተው ጠዋት አይታወቁም ነበር። ሲለኩ ቦርዱ ላይ ምንም የለም። ሞተሩ ይዞራል። ጥፋቱ ውስጣዊው ፕሮግራም ላይ ነበር፦ ሃርድ ዲስኩ የገጠመውን የሚመዘግብበት ቆጣሪ ከተወሰኑ ቁጥሮች አንዱ ላይ፣ ለምሳሌ 320 ላይ፣ ደርሶ ኤሌክትሪክ ከጠፋ፣ በማግሥቱ ሲነሳ ፕሮግራሙ ራሱን ይቆልፋል። መፍትሔው በቦርዱ ጠርዝ ላይ ባሉ ትናንሽ እግሮች በኩል በሲሪያል ገመድ ከሃርድ ዲስኩ ጋር መነጋገር ነበር። ጠጋኞች ቦርዱን ላላ አድርገው ከመገናኛዎቹ ሥር ወረቀት ያስገባሉ፣ ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ወረቀቱን ያወጣሉ፣ ሞተሩን ያስነሳሉ፣ የተዛባውን መዝገብ ያጸዳሉ። ሲጌት ማስተካከያ ፕሮግራም አወጣ፤ የመጀመሪያው ማስተካከያ ራሱ በ500 ጊጋባይቶቹ ላይ ችግር ፈጥሮ ተነሳና በሌላ ተተካ። በዚያን ጊዜ ቦርዱን «ተቃጥሏል» ብሎ የቀየረ ሰው የደከመው በከንቱ ነው።

ቦርድ መቀየር ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ዳዮዱ ብቻ ሳይሆን የሞተር ቺፑ ወይም ዋናው ቺፕ ሲቃጠል ሌላ ቦርድ መፈለግ ግድ ይሆናል። በአሮጌዎቹ ሃርድ ዲስኮች ዘመን ተመሳሳይ ሞዴል አግኝቶ ቦርዱን ማዛወር ብዙ ጊዜ ይበቃ ነበር። ዛሬ ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ምክንያቷም ያቺ ስምንት እግር ያላት ቺፕ፣ ሮም የሚሏት ናት። ሃርድ ዲስክ በፋብሪካ ሲሠራ እያንዳንዱ ራስና እያንዳንዱ የዲስክ ገጽ ይለካል፤ ምን ያህል ጅረት እንደሚፈልግ፣ የትኛው ራስ ምን ዓይነት እርማት እንደሚያሻው በሮሟ ላይ ይጻፋል። ለአንድ ሰው ዓይን ተለክቶ የተሠራ መነጽር ለሌላው እንደማይሆን ሁሉ፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ሃርድ ዲስኮች አንዳቸው በሌላው ሮም ብዙ ጊዜ አያነቡም።

አንድ አዛውንት ይህን በመራራ መንገድ ተማሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የትውልድ አገራቸውን ሽማግሌዎች ድምፅ ለብዙ ጊዜ ሲቀዱ ኖረዋል። ሃርድ ዲስካቸው ዝም ሲል አንድ ወዳጅ ተመሳሳይ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ቦርዱን ቀየረላቸው። ሞተሩ ዞረ፣ ከዚያ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ያኔ ወደዚሁ ጠጋኝ አመጡት።

«ጋሼ፣ የድሮው ቦርድ የት አለ?» አላቸው ጠጋኙ።

«ተቃጥሏል አለኝ እኮ፤ ጣልነው ልጄ።»

ጠጋኙ ለጊዜው መልስ አልነበረውም። ቀጭታው የመጣው ራሶቹ ስለተጎዱ ላይሆን ይችላል፤ በሌላ ሃርድ ዲስክ መለኪያ እንዲያነቡ ስለታዘዙ ይሆናል። ያ ማለት የሽማግሌዎቹ ድምፅ በሙሉ ጤና እዚያው ውስጥ ተቀምጧል፤ የጠፋው የሚነበብበት መለኪያ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ልዩ መሣሪያ ያላቸው ባለሙያዎች ሮሙን ዲስኩ ላይ ካለው ቅጂ መልሰው ሊገነቡት ይችላሉ። ሥራው ውድ ነው፤ ለሁሉም ሞዴል አይሆንም። የተቃጠለው ቦርድ ቢኖር ኖሮ ግን ሮሟን በሞቀ አየር አንስቶ ወደ አዲሱ ቦርድ ማዛወር፣ ወይም በፕሮግራመር አንብቦ አዲሱ ላይ መጻፍ በቂ ሊሆን ይችል ነበር። የተቃጠለው ሌላው ቺፕ ነው፤ ሮሟ ከቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ ትተርፋለች።

ቦርድ የሚገዛ ሰው ከሃርድ ዲስኩ ሞዴል ይልቅ ቦርዱ ላይ የታተመውን ቁጥር ማመሳሰል አለበት። አንድ ሞዴል በተለያየ ጊዜ የተለያየ ቦርድ ይዞ ይወጣል። ስምንት እግር ያላት ቺፕ የሌለበት ቦርድም አለ፤ በአንዳንድ የዌስተርን ዲጂታል ቦርዶች ላይ ዩ12 ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ያኔ ሮሙ ያለው ዋናው ቺፕ ውስጥ ስለሆነ የሚዛወረው ራሱ ዋናው ቺፕ ነው፤ ይህ የለመደ እጅ ይጠይቃል። ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮችም ሌላ ወጥመድ ያለባቸው አሉ። አንዳንዶቹ የሚጻፍባቸውን ሁሉ የሚያመሰጥሩት ዩኤስቢ በምታገናኘው ትንሽ ቦርድ በኩል ነው፤ ባለቤቱ የይለፍ ቃል ባያስገባም። ያቺ ቦርድ ከተጣለች ጤነኛው ሃርድ ዲስክ ትርጉም የሌለው መረጃ ያሳያል። ጠጋኙ የሰርጎቹን ሃርድ ዲስክ ሲፈታ ያቺን ትንሽ ቦርድ ለብቻ ያስቀመጣት ለዚህ ነበር።

የሰርጎቹ ባለቤት ማታ ላይ የተገለበጠውን በሌላ ሃርድ ዲስክ ይዞ ወጣ። የመምህሩ ሃርድ ዲስክ ግን ቤታቸው ተቀምጧል፤ ሮሙን የሚገነባላቸው እስኪገኝ ማንም እንዳይሰካው ተነግሯቸዋል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ በሚመጣበት አገር፣ አምስት ቻርጀር በአንድ ማከፋፈያ በምንሰካበት ቤት፣ ይህ ጉዳት በማንም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ዛሬውኑ በየአዳፕተሩ ላይ ለየትኛው ዕቃ እንደሆነና ስንት ቮልት እንደሆነ ጽፋችሁ ለጥፉበት። መብራት ሲሄድ ሃርድ ዲስካችሁን ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲረጋጋ ስኩት። ሃርድ ዲስካችሁ ዝም ካለ ደጋግማችሁ አትሞክሩት፣ ክዳኑንም አታስከፍቱ። ጠጋኝ ቦርዱን ከቀየረላችሁ አሮጌውን ተቀብላችሁ ከነትንሿ የዩኤስቢ ቦርድ በፖስታ አሽጉት፣ የሃርድ ዲስኩን መለያ ቁጥር ጻፉበትና ከሃርድ ዲስኩ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።